ባይፖላር አለብኝ፤ የኮሮና ወረርሽኝ ከመጣ ወዲህ እንቅልፌ ተዛባ

ጥያቄ (በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የተጻፈ)፦
ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ ባለፈ ፈንጠዝያና በድብርት መካከል የሚዋዥቅበት የአእምሮ ሕመም፣ እንዳለብኝ ካወቅሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ሊቲየም የተባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት እየወሰድኩ ደህና ከርሜ ነበር። ወረርሽኙ መጥቶ ሥራው ከቤት ከሆነ ወዲህ ግን ቀኑና ሌሊቱ ተደበላለቀብኝ፤ የሟቾችን ቁጥር በስልኬ ስከታተል ሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። የሊቲየሙ መጠን የሚለካበትን የደም ምርመራ ቀኔንም ቫይረሱ ይይዘኛል ብዬ ፈርቼ አሳለፍኩት። ይባስ ብሎ መድኃኒቱ በሽታ የመከላከል አቅሜን ያዳክመው ይሆናል እያልኩ ላቆመው ዳድቶኛል። እናንተ እንዴት እያለፋችሁት ነው?

መልስ (ሕመምሽን የምጋራ)፦
እህቴ፣ በራስሽ እንዳታቆሚው! እኔ ተሽሎኛል ብዬ ድንገት ብተወው በወሩ ማኒያው (ከልክ ያለፈው የፈንጠዝያ ስሜት) አገርሽቶብኝ ሆስፒታል ተኛሁ። ሊቲየም የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት አይደለም። ይልቅ እንቅልፍሽን አደራ፤ ለእኛ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ማኒያን ይቀሰቅሳል። እኔ ሌሊቱን ብተኛም ባልተኛም ጠዋት የምነሳበትን ሰዓት አልለውጥም፤ ስልኬም ከመኝታ ክፍል ውጭ ነው የሚያድረው።

መልስ (ፋርማሲስት)፦
እኔን የሚያሳስበኝ ብትታመሚስ የሚለው ነው። ሊቲየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ውኃና ጨው ሲያሳጣሽ መጠኑ በደምሽ ውስጥ ጨምሮ ሊመርዝሽ ይችላል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎችም መጠኑን ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይሻላል። እጅሽ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ አረማመድሽ ከተንገዳገደ፣ አንደበትሽ ከተሳሰረ ወይም ግራ ከተጋባሽ ሳታድሪ ሕክምና ሂጂ። የደም ምርመራው በተለምዶ በየ3 እስከ 6 ወሩ ስለሆነ አታዘግዪው፤ ደውለሽ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ጠይቂ፣ ማስክ አድርገሽ ሂጂ።

መልስ (ኦሲዲ፣ ማለትም በሚያስጨንቅ ሐሳብ የተነሳ አንድን ድርጊት የሚያስደጋግም ሕመም፣ ያለብኝ)፦
የኔ ፈተና እጅ መታጠቡ ነበር። ዓለም ሁሉ ታጠቡ ሲል የኔ ሕመም ሰበብ አገኘ፤ ቆዳዬ እስኪላጥ ታጠብኩ። ከሐኪሜ ጋር ሆነን ገደብ አበጀን፦ ከውጭ ስገባ፣ ምግብ ከመንካቴ በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት ስወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው፤ 60 ሲሞላ ቧንቧውን እዘጋለሁ። ለዜናም ገደብ ይበጅለት። እኔ በቀን አንዴ፣ ያውም ከምሳ በፊት ብቻ እሰማለሁ።

መልስ (ባይፖላር ያለበት ወንድሟን የምታስታምም)፦
ወንድሜ ደህና ሳለ ተስማምተናል፤ 2 ሌሊት ተከታትሎ ከ4 ሰዓት በታች ተኝቶ ድካም ካልተሰማው፣ እሱ እምቢ ቢልም እኔ ለሐኪሙ እደውላለሁ። አንቺም አንድ የምታምኚው ሰው ይኑርሽ። የመሞት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሰው ጥሪ፣ ሕክምና ሂጂ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደውዬ ለነገ ጠዋት 2 ሰዓት ያዙልኝ። መድኃኒቱን ወስጄ ልሂድ?

መልስ (ፋርማሲስት)፦
አትውሰጂ። ደሙ የሚቀዳው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ውሰጂ፤ የጠዋት ኪኒን ካለሽ ይዘሽ ሂጂና ደም እንደሰጠሽ ትውጪዋለሽ።