ባሏ የሚደበድባትን ሠራተኛ ድርጅታችን እንዴት ሊደግፋት ይችላል?

ጥያቄ፦ የአስተዳደር ኃላፊ፣ ቡሬ

ጤና ይስጥልኝ። በቡሬ ከተማ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። በማሸጊያ ክፍል የምትሠራ፣ በሥራዋ የምንተማመንባት አንዲት ሠራተኛ አለችን። ካለፈው ዓቢይ ጾም ወዲህ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ተከናንባ መምጣት ጀምራለች፤ የክፍሏ ኃላፊ ሲጠይቋት አንድ ቀን «በር መታኝ»፣ ሌላ ቀን «አዳልጦኝ ወድቄ ነው» ትላለች። ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ባሏ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ በየትኛው ፈረቃ እንደገባችም የጥበቃ ሠራተኞቹን ይጠይቃል፣ እነሱም በየዋህነት ይነግሩታል። በዚህ መካከል ማርፈዷና መቅረቷ በመብዛቱ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፤ ሁለተኛው ተዘጋጅቶ የእኔን ፊርማ እየጠበቀ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ቅን ሰው ናቸው። የእሳቸው ሐሳብ ከአንጋፋ ሠራተኞቻችን መካከል ሁለት ሦስቱን ሽማግሌ አድርገን ወደ ቤቷ እንድንልክ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ደግሞ ነገሩ የባልና ሚስት ገመና ስለሆነ ጣልቃ እንዳንገባ ይመክራሉ። እኔን ግን ሁለቱም አልተዋጠልኝም። በሕግም ሆነ በኑሮ የምታውቁት ሁሉ፣ አሠሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊያደርግ የሚገባውንና ሊያደርግ የማይገባውን ብታስረዱኝ ውለታችሁ አለብኝ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

የተከበሩ ጠያቂ፣ ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ባይፈርሙት እመክራለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈደ፣ ወይም በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ ከቀረ፣ አሠሪው የስንብት ቅድመ ማስታወቂያ ጊዜ ሳይሰጥ ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ በማኅደሯ ውስጥ የሚጠራቀመው እያንዳንዱ ደብዳቤ ወደ ስንብት የሚወስድ ነው፤ ይህች ሴት ደግሞ ደመወዟን ያጣች ዕለት ከዚያ ቤት መውጫ መንገዷም አብሮ ይዘጋል።

ነገር ግን ይኸው አዋጅ ራሱ ቀዳዳ ትቶልዎታል። ማርፈድ ለስንብት ምክንያት የሚሆነው በኅብረት ስምምነቱ፣ በሥራ ደንቡ ወይም በሥራ ውሉ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ካልቀረበ ብቻ ነው። መቅረትም የሚቆጠረው በአዋጁ ከተፈቀዱት የፈቃድ ዓይነቶች በአንዱ ሊሸፈን ካልቻለ ነው። እንግዲህ ፋብሪካችሁ በሥራ ደንቡ ላይ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የሚፈጠር ማርፈድና መቅረት እንደ በቂ ምክንያት እንደሚቆጠር አንድ አንቀጽ ቢጨምር የሚከለክለው ሕግ የለም። አዋጁ ለሠራተኛው ያስቀመጠው ዝቅተኛውን መብት ስለሆነ አሠሪው ከዚያ በላይ መስጠት ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ያለውን ፈቃድ በአግባቡ ይጠቀሙበት። ከተጎዳች የሕመም ፈቃድ አላት፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ይከፈላሉ። ልዩና አሳሳቢ ነገር ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀን የሚደርስ ያለ ክፍያ ፈቃድ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ክፍተቱ ያለው ፍርድ ቤት ለመቆም በሚያስፈልጋት ቀን ላይ ነው፤ አዋጁ በክፍያ የሚፈቅደው ለሥራ ክርክር ወይም ለምስክርነት ሲቀርቡ ነውና፣ ይህን ክፍተት ድርጅቱ በራሱ ደንብ ሊሞላው ይገባል። በፊሊፒንስ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥቃት የደረሰባት ሠራተኛ ደመወዟ ሳይቆረጥ አሥር ቀን ፈቃድ ታገኛለች። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 206ም ለተጠቂዎች ፈቃድ እንዲሰጥ፣ የሥራ ሰዓት እንዲመቻች፣ ከሥራ ከመሰናበትም ለጊዜው ጥበቃ እንዲደረግላቸው ይላል።

ደመወዙን በተመለከተ፣ ክፍያው ለሠራተኛዋ ለራሷ ወይም እሷ ለወከለችው ሰው እንጂ ባል ስለሆነ ብቻ ለባሏ አይሰጥም። በእጅ ከሚሆን በስሟ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ቢገባላት ይሻላል።

መልስ፦ ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ

እኔ የምጨምረው በጤና በኩል ያለውን ነው። ወደ እኛ የሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ማለት ምክንያቱን መናገር ስለሚመስላቸው ቁስሉ እስኪጠግግ ይቆያሉ። በዚህ መዘግየት ሕክምናውም ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። በተለይ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት ኤች አይ ቪን የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት። ስለዚህ አንዲት ሠራተኛ «ዛሬ ሐኪም ቤት መሄድ አለብኝ» ስትል ምክንያቷን ሳትጠየቅ የምትሄድበት አሠራር ይኑራችሁ። የሕክምና ወረቀት ስትቀበሉም የሚያስፈልጋችሁ የዕረፍቱ ቀን ብዛት ነው፤ የጉዳቱ ዝርዝር በሐኪም ቤቱ መዝገብ ስለሚቆይ ፍርድ ቤት በፈለገው ጊዜ ከዚያ ያገኘዋል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በፋብሪካችሁም ይህች እህት ብቻዋን እንዳልሆነች እገምታለሁ።

መልስ፦ እናት ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ ሽማግሌውን አትላኩ ብዬ እለምንሃለሁ። እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት በቅንነት ልኮልኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ መክረው፣ አስታርቀው፣ ጠላ ጠጥተው ወጡ፤ እሱም «የቤቴን ገመና በአደባባይ ዘረገፍሽው» ብሎ ከመጀመሪያው የከፋ አደረገብኝ። ሽምግልናን አልንቅም፤ ያደግሁበት ነው። ሆኖም ሽማግሌ ሲሄድ ሴቲቱ ፈቅዳና ጊዜውን መርጣ መሆን አለበት፤ ከአሠሪ በኩል ሲመጣ ደግሞ እንጀራዬን ላጣ ነው ብላ ስለምትፈራ እንቢ ማለት አትችልም።

የረዳኝ ትልቅ ነገር አልነበረም። የክፍሌ ኃላፊ የነበሩት ሴትዮ አንድ ቀን ብቻዬን አስጠርተው፣ ምን ሆንሽ ሳይሉ፣ «ወረቀት የምታስቀምጪበት ቦታ ካስፈለገሽ» ብለው የአንድ መሳቢያ ቁልፍ ሰጡኝ። የጋብቻ ወረቀቴን፣ የልጆቼን የልደት ካርድና የባንክ ደብተሬን ቀስ በቀስ እዚያ አስገባሁ። እሳቸው አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ በመጨረሻ የነገርኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። ከቤት የወጣሁ ዕለት በእጄ የያዝኩት የልጆቼን ልብስ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ በመሳቢያው ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። እባክህ ተጠንቀቅ፣ ሴት ልትወጣ ስትል ወይም እንደወጣች ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በዚያ ሰሞን ፈረቃዋን ቀይሩላት፣ ወደ ቤቷ ደብዳቤ አትላኩ፣ በቤት ስልክም አትደውሉላት።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማስጠንቀቂያውን አልፈረምኩትም። የጥበቃ ሠራተኞቹም ለማንም ሰው፣ ዘመድ ነኝ ቢል እንኳ፣ የሠራተኛ ፈረቃ እንዳይናገሩ ትእዛዝ ሰጥቻለሁ፤ የእሷን ስም ግን አላነሣሁም። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ባልና ሚስት ሁለቱም በእኛ ዘንድ የሚሠሩ ቢሆንስ? እንዲህ ያሉ ጥንዶች አሉን።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ስሟን አለማንሣትዎ ትክክል ነው። ሁለቱም የእናንተ ሠራተኞች ከሆኑ በመጀመሪያ እሷን ይጠይቋት፤ ቦታ ወይም ፈረቃ መቀየር ካስፈለገ፣ እሷ ካልመረጠች በቀር የሚቀየረው እሱ ይሁን፤ እሷን ከለመደችው ሥራና ከባልደረቦቿ መለየት ቅጣት ይሆንባታልና። የእሷን ማኅደር፣ የሰዓት መቆጣጠሪያና የደመወዝ መዝገብ እሱ ሊያይ በሚችልበት ክፍል አታስቀምጡ። በሥራ ቦታ ቢዝትባት ወይም እጁን ቢያነሣባት እንደ ማንኛውም የሥነ ሥርዓት ጥፋት ይታያል፤ ትዳሩ አይከልለውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564ም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጉዳት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎቹ መሠረት እንዲያስቀጣ ያደርጋል። ልትከስ ከወሰነች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ማመልከት ትችላለች። አድራሻቸውን በሴቶች መታጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት እሷም ሌሎቹም ማንም ሳያያቸው ያነቡታል።