ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር (ስሜትና ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት በጣም የሚዋዥቅበት የአእምሮ ሕመም) በምን ምርመራ ይታወቃል?

ጠያቂ፦ እህቴ 22 ዓመቷ ነው። ጠዋት ስቃ የወጣች ልጅ፣ ማታ ጓደኛዋ መልእክት ሳትመልስላት ከቆየች የጣለቻት ይመስላትና ስልኩን ወርውራ ታለቅሳለች። ሐኪሙ ቦርደርላይን ሊሆን ይችላል አለን። በደም ነው የሚታወቀው ወይስ በራጅ?

መልስ 1፦ በደምም በኤምአርአይም አይታይም። ደም ቢያዝላት የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ችግር ወይም ሌላ ነገር እንዳይሆን ለማጣራት ነው። ዋናው ምርመራ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀጠሮ በላይ ይወስዳል። ሐኪሞች የአእምሮ ሕመሞችን በሚለዩበት በዲኤስኤም-5 መመሪያ 9 ምልክቶች አሉ፤ ቢያንስ 5ቱ መገኘት አለባቸው፣ እነሱም የአንድ ሰሞን ሳይሆኑ ከወጣትነት ጀምሮ የቆዩ መሆን አለባቸው። እንዳይተዉኝ የሚል ከባድ ፍርሃት፣ የማይለቅ የባዶነት ስሜት፣ ራስን መጉዳት ከነሱ ውስጥ ናቸው።

መልስ 2፦ እኔን መጀመሪያ ባይፖላር (ስሜት በጣም ከፍ ብሎ ደግሞ በጣም ዝቅ የሚልበት ሕመም) ነው ብለውኝ ነበር። የባይፖላር ስሜት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆያል፣ የእኔ ግን በሰዓታት ይገለባበጥ ነበር። ይህን ለሐኪሟ በዝርዝር ንገሩት። ኢንተርኔት ላይ ያለው መጠይቅ መነሻ ቢሆን እንጂ ውጤት አይደለም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እጇ ላይ ጠባሳ አይቻለሁ፣ ልናገር?

መልስ 1፦ አዎ፣ ዛሬውኑ! ቀጠሮ አትጠብቅ። እሷንም ረጋ ብለህ ጠይቃት።