ፕሮቶኑ ለምን ይቀድማል?

እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። የስበትና የኤሌክትሪክ መስክ ቀመራቸው መንታ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሁለቱም ወደ ሩብ ይወርዳሉ። እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ ይሄ ጥያቄ መጣ፦ ፕሮቶንና አልፋ ቅንጣት (2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን ያለው የሂሊየም አስኳል) በአንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ቢለቀቁ የማን አክስለሬሽን (ፍጥነቱ የሚጨምርበት መጠን) ይበልጣል? በስበት ከባዱም ቀላሉም እኩል ስለሚፋጠን፣ እኔ በዚያ ለምጄ «እኩል» አልኩ። ተሳሳትኩ። አልፋ ቻርጁ 2 እጥፍ፣ ማሱ ግን 4 እጥፍ ገደማ ስለሆነ የፕሮቶኑን ግማሽ ነው የሚያገኘው።

ሒሳቡ ገብቶኛል። ያልገባኝ ስበቱ ነው። እዚያ አክስለሬሽኑን ለማግኘት ኃይሉን ለማስ ስናካፍል፣ ማስ ከላይም ከታችም ገብቶ ይሰረዛል። የሚሳበውም፣ «አልንቀሳቀስም» ብሎ የሚያስቸግረውም ያው ማስ የሆነው ለምንድን ነው? በኤሌክትሪክ በኩል እኮ ቻርጅና ማስ ጭራሽ አይተዋወቁም! አስተማሪዬን ብጠይቅ «ዝም ብለህ ሰርዘው» አለኝ። ምክንያቱን በቀላሉ የሚነግረኝ አለ?