ታማን ነጋራ ጫካ ውስጥ ወንዝ ገብቶ የዋኘ አለ? መዋኘት ለማይችል ሰውስ ይሆናል?

የኮምቦልቻ ልጅ

ሰላም ጀማዓ። ባለቤቴ ኳላ ላምፑር ትምህርት ላይ ነው። ኢንሻአላህ በሚያዝያ ልጠይቀው እሄዳለሁ። እሱ ደግሞ ታማን ነጋራ ፓርክ እወስድሻለሁ፣ ጫካው መሐል ወንዙ ራሱ የሠራው መዋኛ አለ ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ላታ በርኮህ ይሉታል። ቦታው ልብ ያጠፋል፣ ግን ውሃው ሻይ ነው የሚመስለው! ይኼ ንጹሕ ነው ትላላችሁ?

ደግሞ መዋኘት አልችልም። ያደግኩት ቦርከና ዳር ነው፣ ግን እማዬ እግራችንን እንኳ እንዳናስነካ አርጩሜ ይዛ ነበር የምትጠብቀን። ልብሱስ? ሂጃቤን አላወልቅም። አልቅት ሞልቷል ሲሉኝ ደግሞ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። የሄደ ካለ ይንገረኝ።

ሐይቅ ዳር

ሎጎ ሐይቅ አፍንጫሽ ሥር እያለ ማሌዥያ ድረስ? ነይ እዚህ፣ ዓሣ ጥብስሽን በልተሽ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብለሽ ትመለሻለሽ። አልቅት የለ፣ ቪዛ የለ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር

ሐይቅ ዳር፣ ባሏ ያለው እዚያ ነው እኮ። ምን ታድርግ?

አብሽሪ እህቴ። እኔም ባለቤቴ እዚያ ሲማር አብሬው ከርሜያለሁ፣ ቦታውን አውቀዋለሁ። ሥራዬ ነርስ ነው፣ ወሬዬ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ቢሸት ታገሺኝ።

ቀለሙ አያስደንግጥሽ። ላታ በርኮህን የሠራው የታሃን ወንዝ የሚመጣው ጫካውን ሰንጥቆ ነው። የረገፈው ቅጠል ውሃው ውስጥ ተዘፍዝፎ እንደ ሻይ ቅጠል ቀለሙን ይለቃል። እጅሽን ስትከቺ ጣቶችሽ ይታዩሻል። ጭቃ የሚመስለው ሌላው ወንዝ፣ ተምበሊንግ ነው። ሁለቱ ኳላ ታሃን መንደር ላይ ይገናኛሉ፣ ልዩነቱን እዚያው ታዪዋለሽ።

በሽታውን ካነሣን፣ እናትሽ አርጩሜ ይዘው መቆማቸው ልክ ነበር። እኛ ጋ የሚፈራው ቢልሃርዝያ ነው። እዚያ ስለ ወንዝ መዋኛ ሲወራ ሐኪሞቹ የሚያነሡት ሌፕቶስፓይሮሲስን ነው። ከአይጥና ከሌሎች እንስሳት ሽንት ወደ ውሃና ጭቃ የሚገባ ባክቴሪያ ነው። በቁስል፣ በዓይን፣ በአፍ ይገባል። ስለዚህ የተላጠ ቁስል ካለሽ አትግቢ፣ ውሃውንም አትዋጪ። አገር ቤት ከተመለስሽ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢይዝሽ፣ ባትሽን ቢያምሽ፣ ዓይንሽ ቢቀላ፣ ማሌዥያ ጫካ ውስጥ ወንዝ ገብቼ ነበር ብለሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ካልነገርሽው ታይፎይድና ታይፈስ አዝዞልሽ ያልፋል። የኛን ነገር ታውቂዋለሽ መቼም።

አልቅቱ አለ፣ አልዋሽሽም። ግን እንደኛው ምንጭ ውስጥ ተደብቆ ከብት አፍንጫ የሚገባው ዓይነት አይደለም። የዚያኛው እርጥብ ቅጠልና መሬት ላይ ሆኖ የሚያልፍ እግር ይጠብቃል። የምታገኚውም መዋኛው ውስጥ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። የሱሪሽን ጫፍ ካልሲሽ ውስጥ ክተቺው። ከያዘሽም በጥፍርሽ አፉን ገፋ አድርገሽ አላቂው። ብዙም አያምም፣ ደሙ ግን ቶሎ አይቆምም፤ ምራቁ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለው። እኔ ካልሲዬ በደም ርሶ ሳየው ነርስነቴ ጠፍቶኝ ነው የጮኽኩት።

በልብስ በኩል ነፃ ነሽ። ሴቶቹ ሂጃባቸውን እንዳደረጉ፣ ረጅም እጅጌ ቲሸርትና ሱሪ ለብሰው ነው ወንዝ የሚገቡት። ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። አባያ ለብሰሽ ግን እንዳትገቢ፣ አደራ! ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግር ላይ ይጠመጠማል። ለመቀየሪያ ሽርጥ ያዢ። እንደ ወሎ ሰው እነሱም ሽርጥ ይወዳሉ።

ዋናውን ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ስለ ነብርና ስለ አልቅት ይጠይቃል፣ መፈራት ያለበት ግን ውሃው ነው። የታሃን ወንዝ የሚነሣው ከጉኑንግ ታሃን ተራራ ነው። 2187 ሜትር ነው፣ በማሌዥያ ልሳነ ምድር ከሱ የሚበልጥ የለም። (እኛ ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብለን ቡና የምንጠጣው ከዚያ በላይ ሆነን ነው። ይህን ለአስጎብኚያችን ስንነግረው አላመነንም።) አንቺ ያለሽበት ፀሐይ ሆኖ ላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ከዚያ ደራሹ ይመጣል። ቦርከና ዳር ላደገ ሰው ስለ ደራሽ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ግን ሰው ለሽርሽር ሲሄድ የሚያውቀውን ይረሳል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ ጫማሽንም ስልክሽንም ትተሽ ውጪ። ባልሽ አንድ ፎቶ ብቻ ካለሽ እጁን ይዘሽ ጎትቺው።

ወሩ ደህና ነው። ከባዱ ዝናብ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። በሚያዝያም ቢሆን ከሰዓት በኋላ መዝነቡ የተለመደ ስለሆነ በጠዋት ሂዱ።

መዋኘት ስለማትችይ ደግሞ በሉቦክ ሲምፖን ጀምሩ። እዚያው ታሃን ወንዝ ላይ ነው፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት በእግር ትንሽ ነው የሚያስኬደው። ዳሩ ላይ እግርሽን ነክረሽ ራስሽን ታለማምጃለሽ። ላታ በርኮህ ወንዙ ድንጋይ ላይ እየተንኮታኮተ የሚወርድበት ቦታ ነው። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ዳር ላይ ረጋ ያለ የሚመስለውም መሐሉ ይጎትታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ወደዚያ የምትሄዱበትን ጀልባ ላይፍ ጃኬት ስትደርሱ አትመልሺላቸው፣ ለብሰሽው ግቢ።

ሸዋ በር

እህታችን ሁሉንም ብላዋለች። እኔ የምጨምረው፣ ባልሽ ላታ በርኮህ ድረስ በእግር እንሂድ ካለሽ እሺ እንዳትዪው። መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሲወራ ቀላል ነው። ጦሳ ተራራን ስወጣ ስወርድ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እዚያ ግን እርጥበቱ ጣለኝ። ላብ አይደርቅም፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በጀልባ ሂዱ። ውሃው ሲቀንስ ጀልባዋ ጠጠር ላይ ትቀመጣለች፣ ያኔ ወንዶቹ ወርደው ይገፋሉ። ባልሽ ይዘጋጅ።

በዚያው ወንዝ ላይ ሉቦክ ተኖር የሚባል ቀላህ ዓሣ የሚጠበቅበት ቦታም አለ። ማጥመድ ክልክል ነው። ዓሦቹ ሰው አይፈሩም፣ ልጅ ልጅ ያደርግሻል።

የኮምቦልቻ ልጅ

አላህ ይስጣችሁ! ደራሽ የሚለውን ለባለቤቴ ሳነብለት ዝም አለ፣ ይኼ ሰው አላሰበበትም ነበር። አንድ ነገር ብቻ፣ ጫማስ? ስኒከሬን ላበላሸው ነው?

ቧንቧ ውሃ ሰፈር

ስኒከርሽን ለከተማ ተይው። የጫካው አስጎብኚዎች የሚያደርጉት እንደኛ ኮንጎ ያለ ጥቁር የጎማ ጫማ ነው። ውሃ ቢገባው ይወጣል፣ ሶሉ ጥርስ ስላለው ድንጋይ ላይ ይይዛል፣ ርካሽም ነው። ጀራንቱት ከተማ ስታልፉ ግዙ። እንደኔ 41 የምታደርጊ ከሆነ ግን ቁጥር ስለሚያስቸግር ከኮምቦልቻ ገበያ ኮንጎሽን ይዘሽ ሂጂ።