የመኪና ቴስታታ እንዴት ልሰባብር?

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ግቢዬ ውስጥ በከሰልና በወናፍ አሉሚኒየም አቅልጬ፣ በአሸዋ ቅርጽ የድስት ክዳንና እጀታ እሠራለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ይዞኛል።

ከቆራሌው የገዛሁት የጭነት መኪና ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አሉሚኒየም ነው) ማቅለጫዬ ውስጥ አይገባም። በሴጌቶ ስቆርጠው ብናኙ ጥርሱን ይደፍነዋል። የግራይንደር ዲስክም እንደዚያው ነው። በመዶሻ ስመታው ቀጫጭኑ ጠርዝ ይሰነጠቃል፣ ወፍራሙ ግን ንቅንቅ አይልም። የለስላሳ ጣሳ ተጠቀም የሚለኝ ሰው አለ። ጣሳ ስስ ነው፣ ብዙው ተቃጥሎ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። ቴስታታ ግን ሲሊከን ስላለበት ሲቀልጥ ቅርጹን ጥሩ አድርጎ ይሞላል። ለዚህ ነው ልተወው ያልቻልኩት።

ንጹህ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የቴስታታው ዓይነት ከ570 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መላላት ይጀምራል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲሞቅ በመዶሻ እንደሚፈረካከስ አውቃለሁ። ችግሩ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ሳሙና ቀብቶ እስኪጠቁር መጠበቅ ለማለስለስ ይረዳል፤ ለመስበር ግን ሙቀቱ ያንሳል።

እባካችሁ የሠራችሁበት ንገሩኝ፦ ያለ ሙቀት መለኪያ ለመስበር የሚደርስበትን ሰዓት በምን ትለያላችሁ? የውሃ መሄጃው ውስጥ እርጥበት ከቀረ ቅላጩ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፣ ልጆችም ግቢ ውስጥ አሉ። ከመጨመሬ በፊት እንዴት አድርጌ ላድርቀው? ቴስታታው ላይ የተገጠመው የቫልቭ መቀመጫ ብረትስ ቀድሞ ይውጣ ወይስ ከቀለጠ በኋላ ከሥር ይለቀም?