ወደ መቅደላ አምባ እንዴት እንድረስ? የማኅበራችን የመጓጓዣ ዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጠቅላላ ጉባኤው መቅደላን በጋራ እንድንጎበኝ ተወስኗል። አሁን የሚቀረን በምን እንደምንጓዝ መወሰንና ለተንታ ወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የምናቀርበውን የትብብር ጥያቄ መጻፍ ነው። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዳችሁን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በኮምቦልቻ አድርጎ የሚያልፈውን መንገድ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ከደሴ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ ያለው ክፍል የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከተንታ ወዲያ ያለው ደግሞ የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው፤ ክርክሩም የበረታው በእርሱ ላይ ነው። ገሚሶቻችሁ መኪና እስከ አምባው ራስ የሚወጣበት መንገድ እንዲጠረግ በደብዳቤው እንጠይቅ ብላችኋል። ሌሎቻችሁ ከተንታ ወዲያ በቅሎ ይበቃናል ትላላችሁ። ቀኑን በተመለከተ አጼ ቴዎድሮስ ያረፉበት ሚያዝያ 6 እንዲሆን የብዙዎች ፍላጎት ነው።

የደሴ ተጠሪ

ከቀኑ ልጀምር። ሚያዝያ 6 ልባችንን እንደሚስበው አውቃለሁ፤ እኔንም ይስበኛል። ነገር ግን በእኛ አገር ደጋ ያ ወቅት የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ነው። ዋልካ አፈር ሲርስ ጎማ ይይዛል፣ ቁልቁለቱ ለበቅሎም ያዳልጣል። የምንወስዳቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እያሉ በዝናብ ገደል ማውረድ ለእኔ አይታየኝም።

መስከረምም አይሆንም። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ደሴ በምእመናን ትጥለቀለቃለች፤ መኪናም አልጋም በቀላሉ አይገኝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው፤ በቅሎውን ለእንግዳ ቢያከራይ የራሱ ሥራ ይበደላል። እኔ የምመርጠው ከጥምቀት በኋላ ያሉትን የጥር ቀናት ነው። መሬቱ ደረቅ ነው፣ እህሉም ገብቷል። በአካባቢያችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ስለሚኖር፣ በቅሎ ነጂዎቹ በጾም ላይ ሆነው ዳገት እንዳይወጡ ረመዳን የሚገባበትን ቀን አስቀድመን እናስላ።

ጡረታ የወጡ የረጅም መንገድ ሹፌር

ልጄ ስለ ወቅቱ የተናገረው ትክክል ነው። እኔ ስለ መኪናው ልናገር። ከአዲስ አበባ የምንሳፈርበት ትልቅ አውቶቡስ ደሴ ላይ ይቁም። ከዚያ ወዲያ ቅጥቅጥ አይሱዙ ይሻላል፤ አጠር ያለ ስለሆነ ጠመዝማዛውን በአንድ መሪ ይዞራል፣ ከሥሩም ከፍ ያለ ነው። ሁላችንም በአንድ ብንበቃ እንኳ ሁለት መኪና እንከራይ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሰው ያወርዳል፣ ዕቃ ያመጣል፣ ይጎትታል። በገጠር መንገድ ብቻውን የወጣ መኪና ሲቆም ተሳፋሪው መንገድ ላይ ያድራል።

ሹፌሮቹ ከደሴ ወይም ከኩታበር ይሁኑ። የከተማ ሹፌር ቁልቁለት ሲያይ ፍሬን ላይ ይቆማል፤ ፍሬኑ ሲግል መያዝ ይተዋል። ያገሩ ሹፌር ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ጉልበት ይወርዳል። ስንከራይ ይህን እናረጋግጥ፤ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ታኮና ጠንካራ ገመድ መኖሩንም በዓይናችን እንይ። በመጀመሪያው ቀን ደሴ ገብተን እንደር። በማግሥቱ በጠዋት ተነሥተን ከሰዓት በፊት ተንታ መድረስ አለብን። በማታ የሚነዳ ሹፌር ካመጣችሁልኝ እኔ አልሳፈርም፤ እናንተም አትሳፈሩ።

ለንደን የምትኖር አባል

ጋሼ፣ ስለ መኪናው ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን የመኪና መንገድ እንዲጠረግ ከጠየቁት አንዷ እኔ ነኝና ምክንያቴን ስሙኝ።

በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰዱትን ቅርሶች ለእይታ ሲያቀርብ እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ዘውዱ ፊት ቆማ አለቀሰች። የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን ከአምባው ያወረደው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ነው። ለተዘረፈው ዕቃ ያን ያህል ማጓጓዣ ከተገኘ፣ ቦታውን በሕይወቷ አንዴ ለማየት ለምትመኝ አሮጊት እንዴት መንገድ ይታጣል? እናቴ በቅሎ ላይ መቀመጥ አትችልም፤ ጉልበቷ አይታጠፍም። በቅሎ ብቻ ከተባለ እርሷና እርሷን የመሰሉ ሁሉ ቀሩ ማለት ነው። መንገዱ የመሬቱን ሰው ራሱን ይጠቅማል፤ ወላድም ታማሚም ይወርድበታል።

የታሪክ መምህር

እኅቴ፣ ይህን የሚመልስ ቃል ቀላል አይደለም። መቅደላና መንገድ የተያያዙ ናቸው። አጼ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ያን ያህል ወራት የፈጀባቸው ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል ለማሳለፍ መንገድ እየጠረጉ ስለሄዱ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን በገመድ ይጎትቱ ነበር፤ ንጉሡም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ድንጋይ ያነሡ፣ ቋጥኝ ያስፈነቅሉ ነበር። ያንን በጅዳና በበሽሎ ገደል የወጣ መንገድ በኋላ የመጡት የእንግሊዝ መሐንዲሶች አድንቀው ተጠቅመውበታል። ስለዚህ መቅደላ መንገድ አይነካት ብዬ አልከራከርም።

የምፈራው ዶዘሩ የሚሄድበትን ነው። አምባው ዙሪያውን ገደል ነው። በሰላምጌ በኩል ሲወጣ መግቢያው ጠባቡ ዳገትና ቆቂት በር ነው። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 6 የወጣው በዚያ ነው፤ ንጉሡም እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት በበሩ አጠገብ ነው። መኪና በዚያ ይውጣ ካልን በሩና የግንቡ ርዝራዥ ይነሣልን ማለታችን ነው። እንግሊዞች ሕንጻውን አቃጥለው ወረዱ። የተረፈውን ጥቂት ድንጋይ እኛ በደብዳቤ ጠይቀን ብናስፈርሰው ለልጆቻችን ምን እንላለን? ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው። መድፉን ለማየት የሚወጣ ሰው የወጣበትን ዳገትም በእግሩ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሌላም አለ። መቅደላ ለወሎ ሰው እስር ቤትም ነበረች። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከአምባው ሲያመልጡ፣ በወሎ በኩል እንዲያልፉ የፈቀዱት ንግሥት ወርቂት ልጃቸው እዚያው ታስሮ ነበር፤ በእናቱ ምክንያት ተገደለ። አሮጌ በተባለው ቦታ በተደረገው ጦርነት ዋዜማም ብዙ እስረኞች ከገደል ተወርውረዋል። ስለዚህ መንገድ መሪያችን ከአካባቢው ሽማግሌዎች መካከል ይመረጥ፤ ወጉን በእነርሱ አንደበት እንስማው። ሁላችንም የምናከብረውን ንጉሥ ታሪክ ስንሰማ የእስረኞቹንም መስማት ዕዳችን ነው።

ነርስ የሆነች አባል

እኔ ስለ እትዬ ጉልበት ልመልስ። በአምባው አካባቢ ታማሚ የሚወርደው በቃሬዛ ነው፤ ሰዎቹም ተሸክመው መሄድ የለመዱ ናቸው። ወረዳውን በክፍያ ስምንት ብርቱ ሰዎች እንዲያዘጋጅልን ብንጠይቅ፣ አራት አራት እየሆኑ በመፈራረቅ ሊያወጧቸው ይችላሉ። ቃሬዛውን እኛ ፍራሽና ማሰሪያ ያለው አድርገን ከደሴ እናሠራለን። በቅሎ ላይ የሚቀመጡ አረጋውያን ደግሞ አንድ ነጂ ከፊት፣ አንድ ደጋፊ ከጎን ይኑራቸው። ብዙ ጊዜ ሰው የሚወድቀው በዳገቱ ላይ ሳይሆን በቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ በሚያዳልጠው ቁልቁለት ሁሉም ወርዶ፣ ተደግፎ እንዲራመድ አስቀድሞ ይነገረው።

አምባው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። የደም ግፊትና የልብ ችግር ያለባቸው አባላት ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይመዝገቡ። ከውጭ የሚመጡትም ደሴ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ይረፉ። የአውቶቡሱ ጉዞ የሚከብዳቸው እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን መጥተው ደሴ ላይ ይቀላቀሉን።

ለንደን የምትኖር አባል

ስለ ቆቂት በር የተነገረውን ደግሜ አነበብኩት። የመኪና መንገዱን ጥያቄ ሰርዣለሁ፤ ነገር ግን በባዶው አልተወውም። በምትኩ የእግር መንገዱ በድንጋይ እንዲጠገን፣ በየመካከሉም ሰው አረፍ የሚልበት መደብ እንዲሠራ በደብዳቤው ይጠየቅ። ማኅበራችንም ለዚህ ሥራ መዋጮ እንደሚያደርግ ይጻፍ። ቃሬዛው የነርሷ ሐሳብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ከዋናው ዕቅድ ይግባ። ቦታ ከተገኘ የሚፈጸም ተጨማሪ ነገር ከተደረገ ግን ድምፄን አልሰጥም።

ገንዘብ ያዥ

ይግባ፤ እኔም እደግፋለሁ። ስለ ክፍያው የምለው አጭር ነው። በቅሎ በደላላ አንከራይ። የበቅሎ ባለቤቶቹ ራሳቸው ተራ አውጥተው፣ ዋጋውን ወረዳው ባለበት ተስማምተው ይጻፉት። ነጂው በእግሩ የሚመለስበትና እኛን ሲጠብቅ የሚያድርበት ቀንም ይከፈለው። የበቅሎዎቹ ገፈራ ማን እንደሚችል ከአሁኑ ይወሰን፤ ይህ ካልተወሰነ በመጨረሻው ቀን ክርክር ይነሣል። ዋጋው ከደሴ ሳይጣራልኝ የመዋጮውን መጠን አላሳውቅም። ጉዞው ከተሰረዘ የሚመለሰውና የማይመለሰው ገንዘብም ተለይቶ ለአባላት በጽሑፍ ይደርሳል።

የደሴ ተጠሪ

የጸጥታውን ጉዳይ እኔ ላንሣው። ካለፉት ዓመታት ሁኔታ አንጻር፣ ከዞኑና ከወረዳው መንገዱ ሰላም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳይደርሰን ቀን አንቁረጥ። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላም ከመነሣታችን በፊት ባለው ሳምንት ደግመን እንጠይቅ። ሁኔታው ካላመቸ ወደሚቀጥለው ዓመት ጥር እናዛውረው፤ አምባው የትም አይሄድም። ይህን ለሽማግሌዎቻችን በግልጽ እንንገራቸው፤ ተስፋ ሰጥተን በመጨረሻው ሰዓት ከምንከለክላቸው አሁን ቢያውቁት ይሻላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደብዳቤውን ረቂቅ እንደሚከተለው አዘጋጅቻለሁ፦

«ማኅበራችን ከጥምቀት በዓል በኋላ በሚውሉ ቀናት፣ የአካባቢው ሰላም በጽሑፍ ሲረጋገጥ፣ መቅደላ አምባን ለመጎብኘት ይፈልጋል። ተጓዦቹ ከደሴ እስከ ተንታ በሁለት መኪና፣ ከተንታ እስከ አምባው በእግር፣ በበቅሎና በቃሬዛ ይጓዛሉ። ወረዳው የበቅሎ ባለቤቶችንና የቃሬዛ ተሸካሚዎችን በተራ እንዲያስመዘግብልን፣ ዋጋውን በእርሱ ፊት እንድንዋዋል፣ ከአካባቢው ሽማግሌዎች መንገድ መሪ እንዲመድብልን በትሕትና እንጠይቃለን። ማኅበራችን በአምባው ላይ የመኪና መንገድ እንዲወጣ አይጠይቅም። የእግር መንገዱ የበሮቹንና የግንቦቹን ፍርስራሽ ሳይነካ፣ የቅርስ ባለሙያ ባለበት እንዲጠገንና ማረፊያ መደቦች እንዲሠሩ ይጠይቃል፤ ለሥራውም የአቅሙን ያዋጣል።»

አንድ ነገር አልተወሰነም፤ አምባው ላይ በድንኳን እንደር ወይስ በዕለቱ ተንታ እንመለስ? እኔ የማደሩን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሽማግሌ ይዞ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ መሞከር ቁልቁለቱን በጨለማ ማውረድን ያመጣል። ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ውኃ የሚጭኑ አጋሰሶች ግን ይጨመራሉ፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል። እስከ እሑድ ማታ ድምፃችሁን ስጡ፤ ሰኞ ደብዳቤው ወደ ደሴ ይላካል።

ጡረታ የወጡ የረጅም መንገድ ሹፌር

እኔም እንደር ከሚሉት ነኝ። በረቂቁ ላይ አንድ እርማት አለኝ። «በቅሎ» የሚለው «በቅሎ ከነኮርቻውና ከነእርካቡ» ተብሎ ይጻፍ። የገበያ ጭነት የለመደችው በቅሎ ኮርቻ ላይኖራት ይችላል፤ በጭነት መደላደል ላይ ሽማግሌ አይቀመጥም። ኮርቻ የሚጎድል ከሆነ ከደሴ ተከራይተን በመኪናው ላይ እንጫን፤ ለዚያም ቁጥሩን አስቀድመን ማወቅ አለብን።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ተስተካክሏል ጋሼ። የደሴ ተጠሪ የኮርቻውን ቁጥር ከበቅሎ ባለቤቶቹ ምዝገባ ጋር አብሮ ይጠይቅልናል።