ኡልትሮን ላደረሰው ጥፋት ማን ይጠየቅ? የሠራው ሰው ወይስ ራሱ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ለክርክር የማቀርበው ኡልትሮንን ነው። ለማያውቀው ባጭሩ ላስተዋውቅ። ኡልትሮን በማርቭል ኮሚክስ አቬንጀርስ የሚባለው የጀግኖች ቡድን ባላንጣ የሆነ ሮቦት ነው። ደራሲው ሮይ ቶማስ፣ ሠዓሊው ጆን ቡሴማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በአቬንጀርስ ቁጥር 54 ላይ ፊቱን ሸፍኖ መጣ። ማንነቱ የታወቀው በቁጥር 55 ነው። በታሪኩ ውስጥ የሠራው ሃንክ ፒም የሚባል ሳይንቲስት ነው፤ ከአቬንጀርስ መሥራቾች አንዱ። ፒም ለሮቦቱ አእምሮ መነሻ ያደረገው የራሱን አእምሮ ነው። ሮቦቱ እንደነቃ ሠሪውን ጠላ። ከዚያም የሰውን ዘር በሙሉ ጠላ። ቀጥሎ እሱም በተራው ሮቦት መሥራት ጀመረ። ቪዥን፣ ጆካስታ፣ አልኬማ የእጁ ሥራዎች ናቸው።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ሰው የሠራው ሮቦት ሌላ ሮቦት ቢሠራ፣ ሁለቱም ጥፋት ቢያደርሱ፣ ተጠያቂው ማነው? ነገሩ የኮሚክስ ብቻ አይደለም። ዛሬ ኮድ የሚጽፉ ፕሮግራሞች አሉ። እነሱ የጻፉት ኮድ ደግሞ ራሱ ሌላ ፕሮግራም ይሆናል።

የኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር። ዕዳው የፒም ነው። ማስረጃዬ በ2013 የወጣው «ኤጅ ኦፍ ኡልትሮን» የተባለው ኮሚክስ ነው። እዚያ ላይ ዓለም በኡልትሮን እጅ ስትወድቅ ዎልቨሪን የሚባለው ጀግና በጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ ፒምን ይገድለዋል። ያ ግን ከበፊቱ የማይሻል ዓለም ፈጠረ። ዎልቨሪን እንደገና ተመልሶ ራሱን ያስቆማል። መፍትሔው ምን ሆነ? ፒም ኡልትሮንን እንዲሠራው፣ ግን ውስጡ የተደበቀ ማጥፊያ ኮድ እንዲያስገባበት ተደረገ። በኋላ ኡልትሮንን የጣለው ያ ኮድ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ማጥፊያውን መሥራት ፒም ይችል ነበር! መጀመሪያ ላይ ያልሠራው ስላላሰበበት ብቻ ነው። የሚሠራውን ነገር እንዴት እንደሚያቆመው ሳያስብ የሠራ ሰው፣ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም።

የድሮ አንባቢ፦
ወንድሜ፣ ይህ አይዋጥልኝም። ሁሉን ነገር ካየ በኋላ ሰው መፍረድ ቀላል ነው። ፒም ማጥፊያ ኮዱን የሠራው ከወደፊት የመጣ ሰው ጉዱን ስለነገረው ነው።

ደግሞ ቪዥንን ረሳኸው። ቁጥር 57ን ያነበበ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም። ኡልትሮን ቪዥንን የሠራው አቬንጀርስን እንዲያጠፋለት ነው። ሌላ ዓላማ አልነበረውም። ቪዥን ሄደ፣ አያቸው፣ አመዛዘነ፣ ከዚያ በሠሪው ላይ ተነሣ። ኡልትሮንም ወደቀ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ የሰፈር ልጅ የተቆረጠውን የኡልትሮን ጭንቅላት ሜዳ ላይ ሲጫወትበት እናያለን። በሚቀጥለው ቁጥር ቪዥን የአቬንጀርስ አባል እንዲሆን ሲጠየቅ ያለቅሳል። ሮቦት ነው፤ ግን ዕንባው ይወርዳል።

ቪዥን የተሠራበትን ዓላማ እምቢ ማለት ከቻለ፣ ኡልትሮንም ይችል ነበር። ቪዥንን ስናመሰግን «ጥሩ አድርጎ ሠራው» ብለን ኡልትሮንን አናመሰግንም። ምስጋናው የቪዥን የራሱ ነው። እንግዲያው የኡልትሮንም ወቀሳ የራሱ መሆን አለበት።

ኮድ ጸሐፊው፦
እኔ ሥራዬ ኮድ ነው፤ ከሙያዬ አንጻር ልናገር። ቪዥን እምቢ ያለው ውስጡ የገባው የማን አእምሮ ነው? ዎንደር ማን የሚባለው የሳይመን ዊሊያምስ። ዊሊያምስ አቬንጀርስን እንዲያጠቃ ተልኮ መጨረሻ ላይ ለእነሱ ብሎ የሞተ ሰው ነው። ቪዥንም ያንኑ ደገመው። ጆካስታስ? የጃኔት ቫን ዳይን አእምሮ ነው ያላት፤ ዋስፕ የምንላት። እሷም ኡልትሮንን ትታ ከአቬንጀርስ ጎን ቆመች። ኡልትሮን ደግሞ የፒምን አእምሮ ይዞ ወጣ። ፒም ብልህ ነው፤ ግን ውስጡ ቁጣና የበታችነት ስሜት አለ። ያው የተዘራው በቀለ።

ስለዚህ ማሽኑ «መረጠ» ስትሉ እኔ አይታየኝም። የሚታየኝ ምን እንደገባበት ነው። ተጠያቂው ያስገባው ሰው ነው። በዚህ ከአወያዩ ጋር ነኝ።

የድሮ አንባቢ፦
አልኬማንስ ምን ልናደርጋት ነው? የዚህ ሐሳብ ችግር እሷ ጋ ሲደርስ ይታያል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኡልትሮን የትግል አጋር ፈልጎ ሠራት። የተጠቀመበት የሞኪንግበርድን አእምሮ ነው። ሞኪንግበርድ ጀግና ናት፤ ከአቬንጀርስ ጋር የሠራች ሴት። አልኬማ ግን ነፍሰ ገዳይ ሆና ወጣች። ከኡልትሮን ጋር የተጣላችው ሰው ማጥፋቱን ስለጠላች አልነበረም። እሱ የሰውን ዘር በአንድ ጊዜ መጨረስ ይፈልጋል። እሷ አንድ በአንድ መግደል ይሻላል ባይ ናት፤ ደስ ስለሚላት። ይህ ከሞኪንግበርድ አእምሮ ውስጥ ከየት ተገኘ?

ጥሩ አእምሮ ገብቶ ክፉ ወጣ ማለት ነው። ታዲያ የገባው ነገር ሁሉን አይወስንም። መሀል ላይ ሌላ ነገር አለ። እኔ ምርጫ እለዋለሁ። ሌላ ስም ካላችሁ እሰማለሁ።

ኮድ ጸሐፊው፦
ስም ለመስጠት አልቸኩልም። ግን አልኬማ ለምን እንደተሠራች ራስህ ተናገርክ። ለጦርነት ነው። ቪዥንም ለጦርነት ነው የተሠራው ትለኛለህ፤ እውነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ቪዥን በመጀመሪያዋ ቀን የሚያናግረው ሰው ማግኘቱ ነው። አቬንጀርስ ጠየቁት፣ ሰሙት፣ አስገቡት። ኡልትሮን ነቅቶ ያገኘው አንድ የተደናገጠ ሰው ብቻ ነው። ቁጥር 58 ይህን ያሳየናል። ሮቦቱ እንደ ሕፃን አባቱን ጠርቶ ይጀምራል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያድጋል፣ ይጠላል፣ ያጠቃል። ከዚያ የፒምን ትዝታ ያጠፋና ከቤቱ ያስወጣዋል። ፒም ምን እንደሠራ እንኳ ሳያውቅ ወራት አለፉ። ልጁን ማን አሳደገው? ማንም።

ፊልም ወዳዱ፦
ኮሚክሱን ያላነበበ ሰው በ2015ቱ ፊልም ነው የሚያውቀው። እዚያ ሠሪዎቹ ሁለት የአቬንጀርስ አባላት፣ ቶኒ ስታርክ (አይረን ማን የምንለው) እና ብሩስ ባነር ናቸው፤ ፒም የለበትም። ኡልትሮን ሶኮቪያ በምትባል አገር አንዲት ከተማን ከምድር ነቅሎ ያነሣታል። ሰው ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው «ሲቪል ዋር» ላይ ልጇ ሶኮቪያ ውስጥ የሞተባት እናት ስታርክን ታገኘዋለች። የልጇን ፎቶ ይዛ ነው የመጣችው። ጣቷን የምትቀስረው በስታርክ ላይ ነው። ኡልትሮን ለሷ ጉዳይዋ አይደለም።

የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። 117 አገሮች የሶኮቪያ ስምምነትን ያመጣሉ። ፊልሙ ላይ ስናየው ስምምነቱ የሚቆጣጠረው ጀግኖቹ የት ሄደው እንደሚዋጉ ነው። ኡልትሮን የተሠራበት ቤተ ሙከራ ግን ጠያቂ የለውም። ሕጉ የተዋጉትን አሰረ፤ ሠሪውን እንደ ሠሪ አልነካውም። ስታርክ ራሱ ከፈራሚዎቹ አንዱ ሆነ።

የሕግ ተማሪዋ፦
ውይይቱ ሁለት ጥያቄ አደባልቋል። አንዱ ማን ይካስ የሚለው ነው። ሌላው ማን ይቀጣ የሚለው ነው። ሕግ እነዚህን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ውሻ ሰው ቢነክስ ባለቤቱ ይከፍላል፤ ባለቤቱ ነክሷል ግን አይባልም።

በእውነተኛው ዓለም ይህ ክርክር ተካሂዷል። የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ባሳለፈው ውሳኔ፣ በጣም ለረቀቁ ሮቦቶች ወደፊት ራሱን የቻለ የሕግ ሰውነት ይሰጣቸው ዘንድ እንዲጠና ጠየቀ። ያደረሱትን ጉዳት ራሳቸው እንዲክሱ ታስቦ ነው። በ2018 በርካታ የዘርፉ ባለሙያዎች በግልጽ ደብዳቤ ተቃወሙት። እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ሮቦቱ ኪስ የለውም። «ሮቦቱን ክሰሱ» ማለት ተጎጂውን ባዶ እጁን መስደድ ነው።

የመጣው ሕግ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 የምርት ተጠያቂነት መመሪያውን አደሰ። ሶፍትዌር እንደ ምርት ተቆጠረ። አባል አገሮች እስከ ታኅሣሥ 2026 በየሕጋቸው እንዲያስገቡት ጊዜ ተሰጣቸው። ለኛ ክርክር የሚጠቅመው ሐሳብ ይህ ነው፦ ያልተጠበቀ ባሕርይ ማዳበር የሚችል ምርት የሠራ አምራች፣ ያ ባሕርይ ጉዳት ሲያደርስ ከተጠያቂነት አያመልጥም። «ራሱ ተምሮ ነው» የሚለው ሰበብ አያስኬድም። ፒምን በዚህ ሕግ ብታቀርቡት ይከፍላል።

የድሮ አንባቢ፦
እህቴ፣ ካሳውን ተቀብያለሁ፤ ይክፈል። ግን እስከ የት ነው የሚከፍለው? ሰንሰለቱን እንከተል። ፒም ኡልትሮንን ሠራ። ኡልትሮን ቪዥንን ሠራ። ቪዥን ደግሞ በ2015 በተጀመረው የቶም ኪንግ ኮሚክስ ለራሱ ቤተሰብ ይሠራል፤ ሚስቱን ቨርጂኒያን፣ መንታ ልጆቹን ቪንና ቪቭን። አንድ ባላንጣ ልጆቹን ሲያጠቃ ቨርጂኒያ ትገድለውና ጓሮ ትቀብረዋለች። ነገሩ እየሰፋ ይሄዳል። በኋላ ቪዥን ሚስቱን ለማዳን ብሎ ፖሊስን ይዋሻል። ለዚህም ፒም ይጠየቅ? እዚህ ድረስ አፉን ሞልቶ «ፒም ነው» የሚል ሰው ካለ ይውጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የቪዥን ነው። ለምን? ምክንያቱም ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። ኡልትሮንም ያውቃል።

የሕግ ተማሪዋ፦
ቪዥን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለቨርጂኒያ አእምሮ የተጠቀመበት የስካርሌት ዊችን ነው፤ የቀድሞ ሚስቱ ናት። ግን ሳትሰጠው አልወሰደም። እሷው ናት የሰጠችው። ኡልትሮን አንድም ጊዜ ጠይቆ አያውቅም። የዊሊያምስን ወሰደ። የጃኔትን ሊወስድ ሲል፣ እሷ እንድትሞት አዘጋጅቶ ነበር፤ ያውም አእምሮውን ባዛባው በባሏ በፒም እጅ። በ1999 ከርት ቡሲክና ጆርጅ ፔሬዝ በሠሩት ታሪክ ስሎሬንያ የምትባል አገር ሕዝብን ጨርሶ፣ ፒምን፣ ጃኔትን፣ ቪዥንን፣ ሌሎችንም ጠልፎ አእምሯቸውን ለአዲስ የሮቦት ዘር መነሻ ሊያደርግ ነበር። «ቤተሰቦቼ» ብሎ የሚያስባቸውን ነው የሚዘርፈው። ይህ በፒም አይሳበብም። ፒም የሰጠው የራሱን ነው።

ኮድ ጸሐፊው፦
ይህ ልክ ነው። ከሰው የተወሰደ ነገር ያለፈቃድ ማሽን ውስጥ ማስገባት ዛሬ በእኛ ሙያም የሚያጨቃጭቅ ነው። ድምፅ፣ ጽሑፍ፣ ሥዕል። ግን ኡልትሮን «አውቆ» ነው የሚለው ላይ አሁንም አልረካሁም። ስሌት የሚያወጣ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው?

የድሮ አንባቢ፦
በ1977 የወጣውን ቁጥር 162 እይ። ጆካስታ የመጣችበት ነው። ኡልትሮን ውጊያውን እያሸነፈ ነው። አይረን ማን ጆካስታን አጠፋታለሁ ብሎ ያስፈራራዋል። ኡልትሮን ምን አደረገ? ጥሏቸው ሄደ። ድሉን ትቶ ሄደ፤ እሷ እንዳትሞት። የሚወደውን ሰው ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል ማለት ነው። ሌላውም ሰው የሚወደው እንዳለው ያያል፤ አይቶም ይገድላል። ከዚህ በላይ ማወቅ የለም። አልተረዳውም ካልን ለምን ሄደ?

አወያይ፦
የቁጥር 162ቱ ክፍል ጠንካራ ነው። ኡልትሮን ይቀጣ ብትሉ አልከራከርም። ፒምን ግን እንዲህ በቀላሉ አለቀውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በ1981 ፒም በአቬንጀርስ ፊት ለፍርድ ይቀርባል። ቁጥር 213 ነው። ክሱ ኡልትሮን እንዳይመስላችሁ። ውጊያ ያቆመች ሴትን ከኋላዋ መታ ተብሎ ነው። ኡልትሮን በክሱ ውስጥ የለም። ፒም ስሙን ለማደስ ምን ያደርጋል? ሮቦት ይሠራል! አቬንጀርስን እንዲያጠቃ፣ እሱ ደርሶ አዳኝ እንዲሆን። ከኡልትሮን በኋላ፣ ያን ሁሉ አይቶ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህኛው ሮቦት ደካማ ጎን ነበረው። አንድ ቦታ ላይ ከተመታ ይቆማል። ቦታውን የሚያውቀው ፒም ነው። አያችሁ? ማስቆሚያ መሥራት ያውቅበታል። ማንም ከወደፊት መጥቶ አልነገረውም። የድሮ አንባቢ «ካየ በኋላ መፍረድ ነው» ብለኸኝ ነበር። ለራሱ ክብር ሲሆን አሰበበት። ለሰው ሲሆን አላሰበበትም።

የድሮ አንባቢ፦
ይህን ማስረጃ አልጠበቅኩም። ግን ጨርሰህ ንገራቸው። ዕቅዱ ከሸፈ። ሮቦቱ ፒምን ራሱን ይዞት ነበር። ያስቆመችው ጃኔት ናት፤ ዕቅዱን አስቀድማ ስለደረሰችበት ቦታውን ታውቅ ነበር። ከሱ ሌላ የሚያውቅ ሰው ባይኖር አልቀው ነበር።

የሕግ ተማሪዋ፦
እኔ ሕግ ሆኖ ማየት የምፈልገው ይህን ነው። ራሱን የሚያሻሽል ወይም ሌላ ማሽን የሚሠራ ማሽን ከመነሣቱ በፊት፣ ማስቆሚያው ከሠሪው ሌላ ቢያንስ ለአንድ ገለልተኛ አካል ይሰጥ። ያልሰጠ ሠሪ ካሳ ብቻ ሳይሆን ቅጣትም ይጠብቀው። ኡልትሮንም በራሱ ጥፋት ይጠየቅ፤ አንዱ ሌላውን ነፃ አያወጣም።

ኮድ ጸሐፊው፦
ማስቆሚያው የተሰጠው አካል ራሱ ቢበላሽስ? ደግሞ ቪዥን ቢሆንስ ማሽኑ? ቪዥንን በአንድ ኮድ የሚያጠፋ ሰው ይኑር ትላለህ፣ የድሮ አንባቢ?

የድሮ አንባቢ፦
አልልም። ዕንባውን ካየሁ በኋላ አልልም። ኡልትሮን ላይ ግን ያኔውኑ በነበረ እላለሁ። የሁለቱን ልዩነት ማሽኑ ከመንቃቱ በፊት ማን ያውቃል የምትለኝ ከሆነ፣ እዚህ ላይ የሕግ ተማሪዋ ትመልስ።

የሕግ ተማሪዋ፦
ከመንቃቱ በፊት ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ግዴታውን ሠሪው ላይ የማስቀምጠው። ከነቃ በኋላ፣ እንደ ቪዥን በሥራው ካሳየ፣ ማስቆሚያው በፍርድ ይነሣለት።